ፋኖሱ ያልጠፋበት ክፍል

ልጄ ገመቺስ፣

በልጅ ልጄ ሐዘን ላይ ከሐዘንተኛ መካከል አስነሥተኸኛል። «ልጄን በመስኮት ብርድ የገደለው አባቴ ነው፤ ከሚያለቅሱት ጋር እንዳይቀመጥ» ብለህ በስልክ ልከህ በሰው ፊት አስነግረህብኛል። የበደልከኝ በደል ይህ ነው። ይህን ከሰላምታ በፊት ያስቀደምኩት ሰላምታ ነፍጌህ አይደለም። ሰላምታዬን አስቀድሜ ብጽፍ «ሽማግሌው ረስቶታል» ትላለህ ብዬ ነው። አልረሳሁም።

አሁን ሰላምታው ይኸውልህ። ጤናህ እንዴት ነው? የዚያ የጎዴ ሐሩር እንዴት አድርጎሃል? አምና የጣለህ ወባ ተመልሶ አልጎበኘህም ወይ? የምትጠጡትን ውሃ ታፈላላችሁ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህል ትቀምሳለህ? ሐዘን የገባው ሰው እህል ይጠላልና፣ በእኔ ብትቆጣም በሆድህ አትቆጣ፤ ብላ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝም ይለኛል፤ እኔም በግድ አስነሣዋለሁ። የእህትህ ልጅ ናኦሚ ደህና ናት፤ ዘጠነኛ ክፍልን እየተማረች ነው። ባለቤትህ ጉዴ እናቷ ዘንድ ጌዶ ናት። ጤናዋ እንደተመለሰ ሰምቻለሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ለምን እንዳላየሁ ደግሞ አንተ ታውቃለህ።

ለምን አልደወልክም ትለኝ ይሆናል። በስልክ የተነገረብኝን በስልክ አልመልስም። ስልክ ሰውዬው ነገሩን ሳይጨርስ ይዘጋል። ወረቀት ግን ተናደህ ብትወረውረውም ወለሉ ላይ ይጠብቅሃል። የሚያደርስልህ ወደዚያ ጭነት የሚያወርድ ሾፌር ነው፤ ድሮ የመኪናውን ባትሪ እኔ ዘንድ ያስሞላ ስለነበር አምነዋለሁ።

የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። እንድንታረቅም ብዬ አይደለም። የጉዴ ታናሽ እህት ሴና በየካቲት ትወልዳለች። የምትታረሰው እዚያው ጌዶ በእናቷ ቤት ነው፤ የሚያርሷትም አማትህ ወይዘሮ ቦጋለች ናቸው። መስኮቱ ይደፈናል፣ ከሰሉ ይገባል። እኔ ሰው ብልክ ቃሌን የሚሰማ የለም፤ ቃሌን ዋጋ ያሳጣኸው አንተ ነህ። የአንተን ግን ይሰማሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። እስካሁን የሰማኸው ከአንድ አፍ፣ ከአማትህ አፍ ብቻ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት እንዳልገባሁ ታውቃለህ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ እናንተ አንዱን ክፍል ጨርሳችሁ መጽሐፉን ስትጥሉ፣ እኔ ከኋላችሁ እያነሣሁ አነበብኩ። ባትሪ ቤቱን ከዘጋሁ ጀምሮ የሰፈር ተማሪዎች ከትምህርት ሲመለሱ በረንዳዬ ላይ ይቀመጣሉ። አሲዱ ውሃው ላይ ይፈስሳል እንጂ ውሃው አሲዱ ላይ አይፈስስም የሚባለው ለምንድን ነው? በአምቦ ውሃ ልብስ ሲታጠብ ሳሙናው አረፋ መሥራቱን ትቶ እንደ ተበላሸ ወተት የሚቆራረጠው ለምንድን ነው? በማንቆርቆሪያው ሆድ ውስጥ የሚጋገረው ነጩ ነገር ምንድን ነው? የአምቦ ውሃው ጠርሙስ ሳይከፈት የማይታየው ጋዝ ሲከፈት ከየት ይመጣል? ዘይት የተቀባ ምስማር ለምን አይዝግም? የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። የማላውቀውን «አላውቅም፤ ነገ ና» እላለሁ፤ አድሬም ፈልጌ አገኘዋለሁ። ከእነሱ አንዱ ቀልደኛ «የአባባ ጂራ ነገ ከቀበሌ ነገ ይሻላል፤ ይደርሳል» ብሎ ሁሉንም አስቋቸው ነበር። እኔም ሥቄአለሁ፤ አንተ ግን አታምንም።

ናኦሚ ከሁሉም ትብሳለች። መጽሐፏ በእንግሊዝኛ ነው፤ እያነበበች ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ትመልስልኛለች። «አካኮ» ትለኛለች፣ አያቴ ስትል፤ «አካኮ፣ ይኼ እንዴት ይሆናል?» አለች ማለት ራት መዘግየቱ ነው። መልስ ካልጣማት አትውጠውም። አፏ ውስጥ አስቀምጣ ታድራለች።

ጉዴ በታኅሣሥ መጀመሪያ ተገላገለች። አንተ በስልክ ሌንጮ ብለህ ስም ያወጣህለት ልጅ ደልደል ያለ ነበር፤ ሲያለቅስ ድምፁ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር። ይህን ማንም ስላልነገረህ ነው የምነግርህ። እጁን ጨብጦ ነበር የሚተኛው። ስገባ ጣቴን ሰጥቼው ነበር፤ ያዘውና አልለቀውም አለ።

ወይዘሮ ቦጋለች ከጌዶ ቅቤና የገብስ ዱቄት ተሸክመው መጡ። ሴትየዋን አላማቸውም። እንቅልፍ ሳይወስዳቸው ልጃቸውን አርሰዋል፤ ገንፎውን፣ እጥበቱን፣ ጠያቂውን ሁሉ ብቻቸውን ችለዋል። ጉዴን ያስተኟት አንተ ለሠርግህ ብለህ በሲሚንቶ ባስለሰንከው፣ ኮርኒስ ባስገባህለት ክፍል ነው። በቤታችን ካሉት ክፍሎች የሚያፈስ ቀዳዳ የሌለው እሱ ብቻ ነው። የዘንድሮ ታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደረገበት ነበር። ወይዘሮ ቦጋለች መስኮቱን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍነው ዙሪያውን በምስማር አስመቱት፤ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፉት፤ ማንደጃውንም አልጋው አጠገብ አስቀመጡት። «አራስ የገባት ብርድ እስክትሞት አይወጣም» አሉኝ። ስለ ከሰሉ ስጠይቃቸውም «እኔ እንደ ሌላው ሴት እያጨሰ አላስገባም ኦቦ ጂራ። ውጭ አቀጣጥዬ፣ ፍም ሆኖ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። ከአገሩ ሴት ሁሉ የተጠነቀቁ መስሏቸው ነበር፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ጉዴን ራሷን ያማት ጀመር። ማቅለሽለሽ መጣ፤ የበላችውን መለሰች። ወይዘሮ ቦጋለች ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሽተው በአፍንጫዋ ጨመቁላት። እሳቸውም ግንባራቸውን በሻሽ ጠፍረው ነበር። ምን ሆነው ነው ብል «የጌዶ መንገድ ነው ያናወጠኝ» አሉ። የጌዶ መንገድ እንዲህ ሰንብቶ ሰው አያናውጥም። ገበያ ሊሸምቱ ወጥተው ሲመለሱ ደህና ይሆናሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ሲቆዩ ይብስባቸዋል። ይህን አይቼ ክፍሉን ጠረጠርኩ።

ስለዚህ ፋኖሴን አብርቼ ገባሁ። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። በእኛ ሰፈር ጉድጓድ ሲቆፈር ሰው ከመውረዱ በፊት ፋኖስ በገመድ ይወርዳል፤ ያ የጠርሙሱ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከሥር ይተኛልና። በግቢያችን ጉድጓድ ሲቆፈር አንተም ትንሽ ልጅ ሆነህ አጠገቤ ቆመሃል። ፋኖሱ ከጉድጓዱ ወገብ በታች ሲደርስ ድርግም አለ። ቆፋሪው ሙለታ «ነፋስ ነው» ብሎ ወረደ፤ እንደ ድንች ጆንያ ጎትተን አወጣነው። እስከ ዛሬ ያንን እንደ ሃይማኖት ይዤ ነበር፦ እሳት የሚኖርበት አየር ሰውም ይኖርበታል።

ፋኖሱን ወለሉ ላይ፣ አልጋው ሥር፣ ማንደጃው አጠገብ፣ በየቦታው አስቀመጥኩት። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። አልተርገበገበም። ወይዘሮ ቦጋለች ሣቁብኝ፤ «ይኸው ኦቦ ጂራ፣ የራስዎ ፋኖስ መሰከረልኝ» አሉ። እኔም አየሩ ደህና ነው ብዬ ወጣሁ። በማግስቱም ገባሁ፣ ፋኖሱን አየሁ፣ ወጣሁ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ።

ናኦሚ ፋኖስ ይዤ ስመላለስ ታየኝ ነበር። አንድ ምሽት «አካኮ፣ የጉድጓዱ ጋዝና የከሰሉ ጋዝ አንድ ነው?» አለችኝ። «አንድ ነው፤ ሁለቱም ከካርቦን የሚመጡ ናቸው» አልኳት። እሷም «ጉድጓዱ ውስጥ የሚነድ ነገር የለም፤ እዚህ ግን አለ። እንዴት አንድ ይሆናል?» አለች። እኔም «ዛሬ ጥያቄ ይብቃሽ» አልኳት። ይህን ቃል ለማንም ልጅ ተናግሬ አላውቅም። መልሱ አልጣማትም፤ እንደ ልማዷ አፏ ውስጥ አስቀምጣ አደረች፤ ትምህርት ቤትም ይዛው ሄደች።

በማግስቱ የትምህርት ሰዓት ሳያልቅ፣ ቦርሳዋን እዚያው ጥላ፣ እየሮጠች መጣች። ከበሩ ጀምራ «አንድ አይደለም! ሁለት ነው!» እያለች ነበር። የኬሚስትሪ አስተማሪዋን መምህር ሌታን ጠይቃቸው፣ እሳቸውም «ማን ነው ቤት ውስጥ ከሰል ያነደደው?» ብለው ወዲያው ልከዋታል። የነገሯትን እንደነገረችኝ እጽፍልሃለሁ፤ ለወይዘሮ ቦጋለች ስትነግር ቃል እንዳታጣ።

ከሰል አየር ሲያገኝ ሙሉ በሙሉ ይነዳል። ከእሱ የሚወጣው አንድ ካርቦን ሁለት ኦክስጅን የያዘ ነው፤ ይህ የጉድጓዱና የጠርሙሱ ጋዝ ነው። ክፍሉ ሲዘጋና አየር ሲያጥረው ግን ግማሽ ይነዳል። ያን ጊዜ የሚወጣው አንድ ካርቦን አንድ ኦክስጅን ብቻ የያዘ ነው። ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ጭስ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ፍም ከሆነ በኋላም ይወጣል። መምህሩ ለናኦሚ «ደማችንን ሚኒባስ ነው በይው» አሏት። «ኦክስጅን ተሳፋሪ ነው፤ ይሳፈራል፣ በየፌርማታው ይወርዳል። ይህኛው ግን ወንበሩን ይይዝና አልወርድም ይላል። መኪናው ሞልቶ ይዞራል፤ ፌርማታ ላይ የሚጠብቀው ግን ምንም አይደርሰውም።» «ፋኖሱስ?» አልኳት። ከሁሉ በፊት እሱን ነበር የጠየቅሁት። «ፋኖሱ አይናገርም አካኮ። ለፋኖሱ የሚበቃ አየር አለ። ሰውየው ሞቶም ፋኖሱ ይበራል» አለችኝ።

ገመቺስ፣ ከወንበሬ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

በሩን መታሁ። ወይዘሮ ቦጋለች «ማ... ነው?» አሉ፣ ምላሳቸው ተሳስሮ። ከፍቼ ገባሁ። ጉዴ አንገቷ በአልጋው ጠርዝ ወርዶ ነበር፤ ጉንጯ ቀልቶ ሳየው ደህና ሰው ትመስል ነበር። ስጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ከደነችው። ልጁ ደረቷ ላይ ነው። ትናንት ትቼው የወጣሁት ፋኖስ እንደቆመ፣ ነበልባሉም እንደቆመ ነበር። ብርድ ልብሱን ጎተትኩት፤ ምስማሩ ያዘው። ማንደጃውን አንሥቼ ወደ ግቢው ወረወርኩት፤ ተመለስኩና በመዶሻ መስኮቱን ከነብርድ ልብሱ መታሁት። መስታወቱ ወደ ውጭ ፈሰሰ። ወይዘሮ ቦጋለች ግድግዳውን ይዘው ቆመው «አበደ! በአራስ ላይ ነፋስ ለቀቀ! የአምቦ ሰው፣ ድረሱልኝ!» ብለው ጮኹ። ሰው ደረሰ። ጉዴን ደግፈን፣ ሌንጮንም ናኦሚ አቅፋ፣ ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣናቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉዴ ተነሥታ ተቀመጠች። «አባባ፣ ራበኝ» አለች፤ ከታመመች ወዲህ እህል የጠየቀችው ያን ቀን ብቻ ነበር። ወይዘሮ ቦጋለችም ሻሻቸውን ፈቱ። ራስ ምታታቸው እንደለቀቃቸው ስጠይቃቸው «ዳማከሴው ነው የሠራው» አሉኝ። ሌንጮም ጠባ፤ አለቀሰም፤ ያ ድምፁ አስፋልቱ ድረስ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉን ለውርጭ ጥዬው አልሄድኩም። ይህን ማንም አልነገረህም። በተሰበረው መስታወት ፋንታ ነፋስ የማያሳልፍ ሻማ ጨርቅ ወጠርኩበት፤ ቀን ቀን ይገለጣል፣ ማታ ከላይ የእጅ መዳፍ ያህል ብቻ ክፍት ይሆናል። የአምቦ ውሃ ጠርሙሶችን ሙቅ ውሃ እየሞላሁ፣ በጨርቅ እየጠቀለልኩ፣ በጉዴ እግርና በልጁ ግራና ቀኝ አኖርኩ። ሲበርዱ ቀየርኩ። ወይዘሮ ቦጋለች ጠርሙሶቹን ሲያዩ «ልጁን በጠርሙስ ሊያሳድገው ነው» ብለው ለጠያቂ ይነግሩብኝ ነበር። ይንገሩ።

ከአንድ ሳምንት የማይበልጥ ቆይቶ ሌንጮ ማሳል ጀመረ። ትንፋሹ ፈጠነ፤ የጎድኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር። ወዲያው ሆስፒታል ወሰድነው። ኦክስጅን አደረጉለት፤ መርፌ ሰጡት። አልሆነም። ነርሷን ሲስተር አቢጊያን ከምን መጣ ብዬ ጠየቅኋት። «ሳንባው ነው አባባ። ብርድም ሊሆን ይችላል፤ በከሰሉ ጊዜ የተጎዳም ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱም ውጭ ከጠያቂ ሰው የተጋባበት ሊሆንም ይችላል። ይህ ነው ብዬ አልፈርምልዎም» አለችኝ። እኔም የማላውቀውን አልምልልህም። መስኮቱ አልገደለውም ብዬ መማል አልችልም። አንተም ገደለው ብለህ መማል አትችልም ነበር። አንተ ግን ማልክ።

የቀበርነው እኔና ጎረቤታችን ዓብዲሳ፣ ጥቂት የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ሆነን ነው። ሰው ለጨቅላ ልጅ ብዙ አይቀመጥም፤ ቢሆንም በግቢያችን አግዳሚ ተዘርግቶ ሰው ያጽናና ነበር። ስልክ ያለው ዓብዲሳ ቤት ስለሆነ የደወልከው እሱ ዘንድ ነው። መጣና ከፊቴ ቆመ። «ኦቦ ጂራ፣ ልጅህ አንድ ነገር ብሏል፤ እኔ ግን ስልኩ ተቋረጠብኝ ብል ይሻለኛል» አለኝ። «የላከህን አድርስ» አልኩት። «በሰው ፊት ንገረው ብሎኛል፤ በጆሮህ ልንገርህ?» አለኝ። «በሰው ፊት ከተባልክ በሰው ፊት ተናገር» አልኩት። ተናገረ። ሲናገር ወደ መሬት ያይ ነበር፤ ድምፁም ተሰበረ። ዓብዲሳ እናትህን ስንቀብር ያልተሰበረ ሰው ነው።

ተነሣሁ። ልጅ አባቱን ከሐዘን ካስነሣ ተከራክሮ መቀመጥ የበለጠ ውርደት ነው። ባትሪ ቤቱን ከፍቼ ባዶ መደርደሪያ መካከል ተቀመጥኩ። ለልጅ ልጄ ያለቀስኩት እዚያ ነው፤ ብቻዬን። ወይዘሮ ቦጋለችም በሦስተኛው ቀን ጉዴን ይዘዋት ወደ ጌዶ ሄዱ። ጉዴ ስትወጣ ወደ እኔ ዞር ብላ አፏን ከፈተች፤ እናቷ ክንዷን ያዟት።

አሁን ስማኝ። የከሰስከኝ በተሳሳተው ቀን ነው። መስኮቱን በሰበርኩበት ቀን ሚስትህን አውጥቻለሁ፤ ለዚያ ቀን ለማንም ምላሽ አልሰጥም። የምትከስሰኝ ከሆነ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀኖች ክሰሰኝ፤ ፋኖሱን እያየሁ በወጣሁባቸው፣ የልጅቷን ጥያቄ «ይብቃሽ» ባልኩበት ምሽት። ያን ክስ ብታመጣው እቀበለው ነበር፤ ቆሜም እሰማው ነበር። አንተ ግን አልጠየቅህም። አባትህን አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ ፈረድክ።

ፍርድህም በእኔ ላይ ብቻ አልቀረም። አንተ የተናገርከውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ አሁን ልጆቹ ሳልፍ «አባ መስኮት» ይሉኛል። ይበሉ፤ ስም አይቆረጥምም። የከፋው ሌላ ነው። በጥር መባቻ ከእኛ ጀርባ አንዲት ሴት ወለደች። አማቷ መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ደርበው ደፈኑት፤ «እንደ ኦቦ ጂራ ቤት እንዳይሆን» ብለው። ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ከሰሉን አውጡ ብላቸው «ሂዱ አባባ፣ ከእርስዎ ጋር ብርድ ይገባል» አሉኝና ዘጉት። ሴትየዋ ራሷን ታመመች እንጂ ተረፈች። ቤታቸው የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ ድህነቷ ነው ያተረፋት። በጌዶ ያለው የአማትህ ቤት ግን እንደ አንተ ክፍል በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ስንጥቅ የለውም። ሴና የምትተኛው እዚያ ነው።

ናኦሚም መጠየቅ ትታለች። መጽሐፏን ታነባለች፣ ታጥፋለች፣ ትተኛለች። ያልተጠየቀ ጥያቄ ቤቱ ውስጥ ሲዞር ይሰማኛል። «እኔ ባልጠይቅ መስኮቱ አይሰበርም ነበር» ብላ ለዓብዲሳ ሚስት ነግራታለች። እኔ አንቺ ባትጠይቂ ሦስት ሬሣ እናወጣ ነበር ብያታለሁ። አላመነችኝም። የአጎቷን ቃል ነው ያመነችው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ባነበብክበት ቀን፣ ሳትውል ሳታድር፣ ወደ ስልክ ቤት ሂድና አማትህን አስጠራቸው። ከሰል አራስ ቤት አይገባም በላቸው፤ ፍም ቢሆንም፣ ጭስ ባይኖረውም፣ በር ገርበብ ቢልም። ሙቀት ካስፈለገ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ፤ መጀመሪያ ለብ ያለ፣ ቀጥሎ ሙቁ፣ አለዚያ ጠርሙሱ ይፈነዳል። መስኮቱ ከላይ ትንፋሽ ይኑረው። ፋኖስ ምስክር አይደለም በላቸው፤ ጂራ በፋኖስ ተታሏል በላቸው፤ ስሜን ለዚህ ተጠቀምበት። ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ መጀመሪያ ሰውን ማውጣት ነው፤ ምች ነው አይደለም ብሎ መከራከሩ ውጭም ይቻላል። አንተ ያለህበት አገር በር ዘግቶ እሳት የሚሞቅ ስለሌለ ቀላል ይመስልህ ይሆናል። ቀላል አይደለም።

እኔን ጥላኝ። ይህን አልከለክልህም። መስኮት መክፈት ግን አታስጠላ።

አብሮህ ለሚኖረው ለጋሮማ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በወባው ጊዜ ስላስታመመህ ውለታው አለብኝ። ቤት ያከራዩህን ሰዎች፣ ልጆቻቸውንም እንዲሁ ሰላም በልልኝ። ዓብዲሳ ሰላም ይልሃል፤ ያን መልእክት በማድረሱ አትዘንበት፣ እኔ ነኝ አድርስ ያልኩት። የዓብዲሳ ሚስት ጤናህን ትጠይቃለች። ናኦሚ ሰላም ብላሃለች፤ ከሰላምታው በቀር ምንም አልጨመረችም። ከጉዴ ጋር ስትነጋገር፣ ያን ቀን ራበኝ ያለችኝን እንዳልረሳሁት ንገራት።

የምለው ይህ ነበር፤ ብያለሁ። ከእንግዲህ ስለ መስኮቱም፣ ስላስነሣኸኝ መቀመጫም፣ በዓብዲሳ አፍ ስለላክኸው ቃልም ከእኔ አንዲት ነገር አትሰማም። ይቅርታ ብትልክ አልመልስልህም፤ ባትልክም አልጠይቅህም። ሽማግሌ ብታመጣ ምሳ አብልቼ እሸኛቸዋለሁ። አንተ ስትመጣ ቤቱ ቤትህ ነው፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ሙቀቱ እናወራለን። ስለዚያ ነገር ግን ብትጠይቀኝም፣ ብታለቅስብኝም፣ አፈር እስክገባ አልናገርም።

አባትህ ጂራ ኢፋ
አምቦ፣ ጥር ፲፱ ቀን ፲፱፻፺፯ ዓ.ም.